የቅዳሜው ፋይል

ሐሙስ ግንቦት 8 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጎፋ በሚገኘው የሕንፃ አማካሪ ቢሮ ስብሰባ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። የቢሮው ባለቤት ኢንጂነር ደምሰው፣ የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚቆጣጠረው ሉቃስ፣ የመካኒሳው ሳይት ፎርማን ጋሽ ጀማሉዲን፣ ከፖሊስ ጣቢያ የመጣ አንድ መርማሪ እና ማኑሄ። የሠላሳ ሰባት ቀኑ ሕፃን ከተቆጠረ ስድስት ይሆናሉ፤ እሱ ግን በእናቱ እቅፍ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ማኑሄ እንዳትወጣ እናቷ ለምናት ነበር። አራስ አርባ ቀን ሳይሞላት ደጅ አትወጣም፤ ግድ ሆኖባት ከወጣችም ብረት ሳትይዝ አትወጣም። እናቷ እፀገነት ይህን ሕግ ከተጉለት ይዛው የመጣች ናት። ልመናዋ እንደማይሰማ ባወቀች ጊዜ ትንሿን የሽንኩርት ቢላ በጨርቅ ጠቅልላ ከሕፃኑ ዳይፐሮች መካከል ሸጎጠችላት።

የተጠሩበት ነገር የደረሰው ከሁለት ቀን በፊት ነው። ማክሰኞ ዕለት፣ መካኒሳ ውስጥ እየተሠራ ያለ የአንድ መኖሪያ ቤት የሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ወደቀች። ሶሌታዋ፣ ማለትም የወለሏ ኮንክሪት፣ ከተሞላ ሃያ አንድ ቀን ሆኗት ነበር፤ ድጋፏ የሚነሣበት ቀን ነው። አናጢው ነገሪ የመጨረሻዎቹን ሁለት የባሕር ዛፍ ድጋፎች በመዶሻ እየመታ ሲያወጣ፣ በረንዳዋ ከግድግዳው ላይ እንደ መጽሐፍ ልባስ ታጠፈች። ነገሪ ከሥሯ ነበር። የፉሪ ሰው ነው፤ የሦስት ልጆች አባት። ያወጡት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ሲያወጡት ሕይወቱ አልፎ ነበር።

ወደ ውጪ የወጣች በረንዳ እንደተዘረጋ ክንድ ናት፤ የሚይዛት ጅማት ከላይ በኩል ነው። የብረት ፌሮው ከላይ ካልታሰረላት ሲሚንቶው ብቻውን አይሸከማትም። ይህን የምህንድስና ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የወደቀችው በረንዳ ፌሮ ግን የታሰረው ከሥር ነበር።

መርማሪው ይህን ካስረዱት በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ከሥር እሰሩ ያለው ማን ነው? ጋሽ ጀማሉዲን ወረቀቱ ነው አሉ። ወረቀቱ የት አለ ሲባሉ ከበረንዳዋ ጋር ወድቆ ዝናብና ሲሚንቶ እንደበላው ተናገሩ። ያን ጊዜ ደምሰው ወደ ሉቃስ ዞሮ ፎልደሩን እንዲከፍት አዘዘው።

የዚያ ቢሮ አሠራር እንዲህ ነበር። በዋናው ኮምፒውተር ላይ «ለሳይት» የሚባል ሁሉም የሚጋራው ፎልደር አለ። የሕንፃ ሥዕል የሚሥሉት ሠርተው እዚያ ያስገባሉ፤ ፎርማኖቹ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቢሮ መጥተው ከዚያ አትመው ይሄዳሉ። በስልክ የሚሰጥ ትእዛዝ የለም። ይህ ደንብ የወጣው በጋሽ ጀማሉዲን ምክንያት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወረቀቱ ላይ ያለውን የደረጃ ፌሮ አይተው ስላላመኑት በራሳቸው ግምት ጨምረው አስረው ነበር። ልክ ነበሩ። ደምሰው ግን ሠራተኛ ሁሉ እያየ ፈትተው እንደገና እንዲያስሩ አደረጋቸው፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ጻፈባቸው። ከወረቀት ውጪ አንዲት ፌሮ እንዳትነቃነቅ ተባለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጀማሉዲን የሚያስሩት ወረቀቱ የሚለውን ብቻ ነው።

ሉቃስ ፎልደሩን ከፈተ። የበረንዳዋ ሥዕል በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ታየ። ፌሮው ከላይ ነው። ከሥዕሉ አጠገብ የተሠራበት ቀን ተጽፏል፤ ቅዳሜ ሚያዝያ 12፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ጋሽ ጀማሉዲን ያተሙት ሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን ነው። ሶሌታው የተሞላው በማግስቱ ማክሰኞ ነው።

ማኑሄ እንድታስረዳ ተጠየቀች፤ የምታውቀውንም አንድ በአንድ ተናገረች። የቤቱን ሥዕል የሠራችው እሷ ናት፤ የጨረሰችው ልትወልድ ስምንት ቀን ሲቀራት ነው። የመጀመሪያው ሥዕል ላይ የበረንዳዋን ፌሮ በስህተት ከሥር አድርጋው ነበር። በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን አልጋ ላይ ሆና ትዝ አላት። ቤቷ ፉሪ ነው፤ ቢሮ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ቪፒኤኑን ከፈተች። ቪፒኤን ማለት ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት በኩል የቢሮው ፎልደር ውስጥ የሚያስገባ መስመር ነው፤ ሉቃስ ነው የገጠመላት። በዚያ ገብታ ፌሮውን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው።

ደምሰው ለመርማሪው፣ በአራስ ቤት ሆና ስህተቷን ራሷ ያረመች ሠራተኛ እንደሆነች ነገረው። እሱ ራሱ ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ሳይት ሄዶ ማየት ነበረበት፤ ያን ቀን ዝናብ ስለነበር ሳይሄድ ፈርሟል። ይህን ግን በስብሰባው ላይ ያነሣ አልነበረም።

ጋሽ ጀማሉዲን ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ዞረው ማኑሄን አዩ።

«እኔ ያተምኩት ይህን አይደለም» አሉ። «ኢንጂነር፣ አንቺ ታውቂኛለሽ። እኔ ወረቀት እቀይራለሁ?»

ማኑሄ ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች። «ፋይሉ ቅዳሜ ገብቷል፣ ጋሽ ጀማሉዲን።»

መርማሪው ቃላቸውን ጣቢያ ሄደው እንዲሰጡ ነገራቸውና ተነሥተው ተከተሉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ጭቃ የነካውን ቆባቸውን በእጃቸው አራግፈው በኪሳቸው አስገቡ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፉሪ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ማኑሄ ልጇን እያጠባች ነበር። አንድ ነጎድጓድ ከሩቅ ተንከባለለ። እናቷ ወዲያው ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ሄዳ የዋይፋዩን ሳጥን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። ሲብለጨለጩ የነበሩት ትንንሽ መብራቶች ጠፉ።

ማኑሄ ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ነጎድጓድ ነዋ» አለች እናቷ። «መብረቅ የሚያበራ ነገር ይወዳል። ሕፃን ባለበት ቤት ይህን የእሳት ዓይን ተክዬ ልቀመጥ?»

«እማዬ፣ ሁልጊዜ ትነቅዪዋለሽ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ። ሲያባራ መልሼ እሰካዋለሁ። ኮምፒውተርሽን አልነካሁም። ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

ማኑሄ አልተበላሸም አለች። ልጁ ጡቱን ለቀቀ፤ አላወቀችውም።

ያ ቅዳሜ መጣባት። በረዶ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። ላፕቶፑ ጉልበቷ ላይ ነው። እናቷ ቀደም ብላ ቀልዳባታለች፤ ቢሮ ሳትሄጂ ቢሮ ገባሁ ትያለሽ፣ ልጁንም በዚያው በአየር ብትወልጂው ምን ነበረበት ብላታለች። በቪፒኤን ሥዕል ማስቀመጥ ጊዜ ይወስዳል። ትንሿ ክብ እየዞረች እየዞረች እንደ ሁዳዴ ትረዝማለች። ያን ቀን ግን ነካ ስታደርገው ዓይን ሳይጨፈን ገባ። ማኑሄ ተመስገን አለች። ልጁ እያለቀሰ ስለነበር ላፕቶፑን ዘጋችው።

የገባው የትም አልነበረም። ሉቃስ መስመሩን ሲገጥምላት አስረድቷት ነበር። የፎልደሩ ግልባጭ ላፕቶፕሽ ላይም ይኖራል ብሏታል፤ መስመሩ ቢቋረጥ ሥራሽን አያቆምም፣ ግልባጩ ላይ ያስቀምጥልሽና መስመሩ ሲመለስ ቀስ ብሎ ይልከዋል። «አንቺ አይታወቅሽም» ብሎ ነበር፣ እንደ ጥሩ ነገር። እሷም አልታወቃትም። ላፕቶፑን እንደገና የከፈተችው ሐሙስ ሚያዝያ 17 ነው፤ የወሊድ ፈቃዷን ወረቀት ፈልጋ። ያን ጊዜ ነው ፋይሉ ወደ ቢሮ የሄደው፣ የቅዳሜ ቀኑን እንደለበሰ። ሶሌታው ከተሞላ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

ጋሽ ጀማሉዲን ሰኞ ያተሙት እዚያ ያገኙትን ነው።

ሌላም ነገር መጣባት፤ ይህኛው የባሰ ነበር። ያን ቅዳሜ ፋይሉን ከማስተካከሏ በፊት ስልኳን አንሥታ የጋሽ ጀማሉዲንን ቁጥር አውጥታ ነበር። ጣቷ ቁጥሩ ላይ ነበር። በስልክ እንደማያስሩ ታውቃለች፤ ግን አንዴ ከሰሙ ሰኞ የታተመውን ወረቀት አገላብጠው ያዩት ነበር። እሷ ግን የሚሉትን አሰበች። በቢሮው ውስጥ ፌሮ የምትሥል ሴት እሷ ብቻ ናት። ስታረግዝ ቀልዱ አያልቅም ነበር፤ ቀድሞ የሚሞላው ሶሌታው ነው ወይስ የአንቺ ሆድ ይሏታል። ደምሰው ሥራውን ለሌላ ሰው ልስጠው ብሎ ነበር፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው። አሁን ደውላ የበረንዳ ፌሮ ከሥር አደረግኩ ብትል፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የማይሠራውን ስህተት፣ ወሬው ሰኞ ሳይደርስ ሳይቶቹን ሁሉ ያዳርሳል። በቪፒኤን ግን ማንም አያይም። ገብታ አስተካክላ ትወጣለች፤ ስህተቱ እንዳልነበረ ይሆናል። ስልኩን ትራሱ ሥር አስቀመጠችው።

ዝናቡ አባራ። እናቷ ገመዱን መልሳ ሰካችው። መብራቶቹ በሩ።

ባሏ ሚሳኤል ዓርብ ረፋድ ላይ ከጅማ መጣ። የመንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ለእሑዱ ክርስትና ፈቃድ ወስዶ ነው። ልጁን ታቅፎ ጥቂት ከተጫወተ በኋላ ማኑሄ ከኋላ ክፍል ወስዳ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ ይህን ሌላ ሰው ያውቃል ወይ አላት። አያውቅም፣ ግን ማወቅ ይቻላል አለችው። በመስመሩ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ እንደ ዘበኛ መዝገብ ይመዘገባል፤ ቅዳሜ መስመሩ ስንት ሰዓት ላይ እንደተቋረጠ፣ ሐሙስ ፋይሉ ስንት ሰዓት እንደገባ ቢሮ ባለው መዝገብ ላይ አለ። ሉቃስም ቢሆን ለማየት አላሰበም፤ ፋይሉ ላይ ያለው ቀን በቂ መስሎታል። መዝገቡ ደግሞ ከቅዳሜ እስከ ዓርብ ያለው በአንድ ላይ ይያዛል፤ የሚቆየውም ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሠላሳ ቀን ነው። ከዚያ አሮጌው እየተሰረዘ አዲሱ ይተካል።

ሚሳኤል በጣቱ ቆጠረ። በሚያዝያ 12ቱ ቅዳሜ የጀመረው መዝገብ የሚሰረዘው ሰኞ ግንቦት 12 ነው።

«አንቺ አልዋሸሽም» አላት። «የምታውቂውን ነው የተናገርሽው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ማንም አልጠየቀሽም።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። ነገሪ በዚህም በዚያም አይነሣም። ጋሽ ጀማሉዲን ታስረዋል፤ ግን የቆዩ ሰው ናቸው፤ ጠበቃ ይይዛሉ፣ ምናልባት በቀላል ይወጣሉ። እሷ ግን የሙያ ፈቃዷም ሥራዋም ይሄዳል፤ ምናልባት እሷም ትሄዳለች። ልጁን ማን ያጠባዋል? ደግሞ ገመዱን ማን ነቀለ ሲባል ምን ልትል ነው? እናቴ? አሮጊቷ ይህን ሰምታ ከዚህ በኋላ እንዴት ትኖራለች?

የሚናገረው ሁሉ ማኑሄ ሌሊቱን ለራሷ ስትለው ያደረችው ነው። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነባት። ለሰኞ የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ምንም ማድረግ አያስፈልግም፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። እናቷ ከፍታ አንዲት ሻሽ ያሰሩ ሴት ይዛ ገባች። በአንድ እጃቸው ፔርሙስ፣ በሌላው በላስቲክ የታሰረ የሕፃን ልብስ ይዘዋል። ማኑሄ አይታቸው አታውቅም።

«ሐሚዳ እባላለሁ» አሉ። «የጀማሉዲን ባለቤት።»

ማኑሄ ከአልጋው ልትነሣ ስትል በእጃቸው አስቀመጧት። እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ብለው ግንባሯን ሳሟት። ልጁን አንሥተው ክብደቱን በክንዳቸው ለኩ፤ እናቷ ማሻ አላህ ሲሉ ሰምታ ደስ አላት። ከፔርሙሱ አጥሚት በኩባያ ቀዱና ማኑሄ እስክትጠጣ ድረስ ፊቷ ቆመው ጠበቁ። ትኩስ ነበር፤ ቅቤው ከላይ ተንሳፏል። ማኑሄ አንድ ጉንጭ ብቻ ወረደላት።

ወይዘሮ ሐሚዳ ለመዘግየታቸው ይቅርታ ጠየቁ። ባለቤታቸው ገና በሚያዝያ፣ ያቺ ልጅ በዒድ ቀን ወንድ ልጅ ወለደች፣ ሂጂና ጠይቂያት ብለዋቸው ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲሉ ይህ ነገር መጣ። ትናንት ጣቢያ ምግብ ይዘው ሲሄዱም የጠየቋቸው አራሷን አየሻት ወይ ብለው ነው።

«እንዲህ ሆኖባችሁ እንዴት መጡ?» አለች ማኑሄ።

«ሰው ቢታሰርም አራስ ይጠየቃል» አሉ።

እናቷ ይህን ሰምታ እውነት ነው፣ እውነት ነው እያለች ልጁን ተቀበለቻቸው። ማኑሄ ስለ ጋሽ ጀማሉዲን ደኅንነት ጠየቀች። ወይዘሮ ሐሚዳ ደኅና ናቸው አሉ፤ ብርድ ነው እንጂ። ጀርባቸውን ስለሚያማቸው ፍራሽ አስገብተውላቸዋል። ማኑሄ እንዲህ ስትጠይቅ ልመና የሚጀምሩ መስሏት ነበር። አልጀመሩም። የሻሻቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ፣ ለሷ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ ያን ሰኞ ማታ የሆነውን አወሩ። ጋሽ ጀማሉዲን ከሥራ ገብተው እራታቸውን ሳይነኩ ተቀመጡ። ምን ሆነሃል ቢሏቸው፣ አንዲት በረንዳ አስሬ መጣሁ፣ ፌሮዋ ሆዷ ላይ ነው አሉ።

«ታዲያ አትናገርም ነበር አልኩት» አሉ ወይዘሮ ሐሚዳ። «‹ባለፈው ተናግሬ ምን አገኘሁ? ወረቀቱ ነው ያለው፣ የሠራችውም የተማረች ልጅ ናት፣ እሷ የምታውቀው ነገር ይኖራል› አለኝ። እንዲህ ብሎ ተኛ።»

ማኑሄ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

ወይዘሮ ሐሚዳ ነገ ክርስትና እንደሆነ ሲሰሙ ሥራ አላስፈታችሁ ብለው ተነሡ። ፔርሙሱን እናቷ ልታጥበው ስትል አጥሚቱ እንዳይቀዘቅዝ ይቆይ፣ በኋላ ትልኩልኛላችሁ አሉ። በሩ ድረስ የሸኘቻቸው እናቷ ናት። ተመልሳ ስትገባ፣ የዚች ሴት ባል ሰው ገደለ የሚሉት ውሸት መሆን አለበት አለች። ሚሳኤል ከጓዳ ድንኳን የሚያከራየውን ሰው በስልክ ያነጋግር ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል፤ ግን ወደ ክፍሉ አልገባም።

እሑድ ግንቦት 11 ቀን ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ። አዶኒያስ ተባለ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከድንኳኑ ሥር ጎረቤትና ዘመድ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ደምሰውም መጥቷል። ማኑሄን ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ነገሩ እየተጣራ መሆኑን፣ ቢሮው ከጎኗ እንደሆነ ነገራት። ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ማኑሄ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ መኝታ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ያን ቅዳሜ ትራስ ሥር ያስቀመጠችውን ስልክ አነሣች። ለሉቃስ ደወለች። እሱ በጎረቤቱ ሱቅ ውስጥ ኳስ እያየ ነበር፤ ጩኸቱ ይሰማል። የቪፒኤኑን መዝገብ ከሚያዝያ 12 እስከ 17 ያለውን ዛሬውኑ እንዲያትምላት ጠየቀችው። ዛሬ እሑድ ነው፣ ነገ ጠዋት አደርገዋለሁ አላት። ነገ እንደሚሰረዝ ስትነግረው ጩኸቱ ራቀ፤ ከሱቁ ወጥቷል።

«ምን ሊሠራልሽ?»

ነገረችው። መስመሩ እንደተቋረጠ፣ ፋይሉ ሐሙስ እንደገባ፣ ጋሽ ጀማሉዲን ያተሙት እሷ የተሳሳተችውን እንደሆነ።

ሉቃስ ኢንጂነር ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አያውቅም አለችው።

«ማኑሄ» አለ በመጨረሻ። «ዝም ብትይ እኮ ነገ በራሱ ይጠፋል።»

«ለዚህ ነው ዛሬ የደወልኩልህ።»

ከድንኳኑ በኩል እልልታ ተሰማ፤ ካህኑ ሊመርቁ ተነሥተዋል። ሉቃስ የቢሮው ቁልፍ እጁ ላይ እንዳለ ነገራትና ስልኩን ዘጋ።

በሩን ስትከፍት ሚሳኤል ልጁን ይዞ ቆሞ ነበር። ርቦታል አላት። ተቀብላው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሉቃስ ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቶ መዝገቡን አተመ። ሁለት ገጽ ነው። ሰኞ ማለዳ ጎፋ ላይ ሰጣት።

ማኑሄ ልጇን ታቅፋ ጣቢያ የደረሰችው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እናቷ የዳይፐሩን ቦርሳ ይዛ ተከትላታለች፤ ሥራ ጉዳይ እንደሆነ ነው የተነገራት። በሩ ላይ የሚፈትሸው ፖሊስ ቦርሳውን ሲበረብር የሽንኩርት ቢላውን አገኘ። እናቷ፣ ልጄ አራስ ስለሆነች ነው፣ ሕፃኑ ገና ትናንት ነው ክርስትና የተነሣው አለች። አርባው ትናንት ሞልቶ የለም ወይ አላት፤ እሱም የሀገሩን ሕግ ያውቃል። ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀርቶ አሳለፋቸው። እናቷ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች።

መርማሪው ሁለቱን ገጽ አነበበ። መስመሩ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ተቋረጠ የሚለውን በእስክሪብቶ አሰመረበት። መስመሩ ለምን እንደተቋረጠ ጠየቃት።

«ነጎድጓድ ነበር» አለች።

እንዳለችው ጻፈው። ገመዱን ማን እንደነቀለው አልጠየቀም፤ እሷም አልተናገረችም። ቃሏን ከታች ፈረመች።

ጋሽ ጀማሉዲን ረቡዕ ዕለት ተፈቱ። ደምሰው በዚያው ቀን ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ፤ የመካኒሳው ሥራ ቆመ። ማኑሄና ሕፃኑ ከሰኞ ጀምሮ ጣቢያ ተይዘው፣ ሦስት ሌሊት አድረው ሐሙስ በዋስ ወጡ፤ የሙያ ፈቃዷ ታገደ፤ ክሱ ለሰኔ 20 ተቀጠረ። እናቷ ፔርሙሱን አጥባ አጥሚት ሞልታ ዓርብ ዕለት ለወይዘሮ ሐሚዳ አደረሰች።